ከሽማግሌዎቹ የማያልፈው ላፕቶፕ

ቅዳሜ፣ ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ አቅፎ ጥገና ቤት ገባ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል። ሰውየው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሟቿ ትርሲት ደግሞ እኔን ያሳደገችኝ ናት።

ላፕቶፑ ውስጥ ምን ነበር? ድምጿ ነበር። ከመሞቷ በፊት የጋብቻቸውን ታሪክ ለልጅ ልጆች ብላ ቀድታው ነበር። ወንድሜ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ሽማግሌ የላከ ዕለት፣ አባቷ "ትፈልጊዋለሽ ወይ?" ሲሏት ምን ብላ መለሰች? በሕይወት ሳለች ስትጠየቅ ትስቅ ነበር እንጂ አትናገርም።

ማሽኑ ግን እዚያ አያደርሰውም። በትረካዋ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ማሽኑ ድርግም! ቁልፉን ቢጫኑት፣ ቢጫኑት፣ አይነሳም።

"ከመሃል አስጀምረው" አልኩት።

"እሷ ከመሃል አልጀመረችም" አለኝ።

ቻርጀር ቀየርን። ሶኬት ቀየርን። ጎረቤት "ቫይረስ ነው" አለ። ጥገና ቤት ስንደርስ ረድኤት የምትባል ባለሙያ ቁልፉን ተጫነችው፤ በራ! ባትሪውን አየች፣ ዲስኩን ፈተሸች፣ ብዙ ቆይታ አየችው፤ አልጠፋም።

"ጋሼ፣ ይኸው ደህና ነው።"

"እዚህ ደህና ነው። ቤት ሲገባ ይሞታል።"

"ታዲያ ቤትዎን ነው የምጠግነው?" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ፊቱን አየችና፣ "ቆይ፣ ቤት እንዴት ነው የሚከፍቱት?" አለችው።

"እንደማንኛውም ሰው ነዋ!"

"እስቲ ልየው።" ሱቋን ዘግታ አብራን መጣች።

ወንድሜ ላፕቶፑን አልጋ ላይ፣ በትርሲት ትራስ ላይ አስቀመጠው። ድምጿን ከፈተ። ከዚያም ትርሲት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አጥፎ ከላይ እስከ ጎኑ አለበሰው። እኛም አዳመጥን። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ድርግም!

ረድኤት እጇን ከሥሩ ሰደደችና ወዲያው ሳበችው። "ይፋጃል! ጋሼ፣ አፍነውታል እኮ። ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም አይነሳም። እኔ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል።"

"አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው! እሷስ ቴሌቪዥኑን እንዲህ አይደል የምትይዘው?"

"እናቴም ሬዲዮኗን እንዲሁ ነው። ይሄ ግን የሚተነፍሰው በሥሩና በጎኑ ነው።"

ወገኖቼ፣ ያንን ማሽን ማን አፈነው? የሚጠላው ሰው ነው? ግድ የሌለው ሰው ነው? አይደለም። ከማንም አብልጦ የሚሳሳለት ሰው ነው!

እስቲ ጠይቁ። በመካከላችሁ ውጭ ሲታይ ደህና የሆነ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ድርግም የሚል ሰው የለም? ምን ስታደርጉለት ነበር? "በቃ፣ አታልቅስ" አላችሁት። የሟች ሚስቱን ፎቶ ከግድግዳ አወረዳችሁ። ስሟን እንዳታነሱ ተባባላችሁ። ክፋት ነው? ክፋት አይደለም። ዳንቴል ነው፣ በፍቅር የተሠራ። ግን ሰውየው በየት በኩል ይተንፍስ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምክር ይዛችሁ አትሂዱበት። እንደ ረድኤት ቤቱ ድረስ ሂዱ። "እስቲ ልየው" በሉ። ስሟን ጥሩለት፤ ያውራ፤ ካስፈለገውም ያልቅስ። እግዚአብሔር እንባን ያውቃል፤ አይደነግጥም።

ያን ቀን ላፕቶፑን እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ትርሲት ከመጀመሪያው ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አባቷም ጠየቋት። ለካ ወንድሜ መታገሥ አቅቶት ሽማግሌዎቹን በድብቅ ተከትሎ፣ አጥር ሥር ዝናብ እየመታው ቆሞ ኖሯል። ማንም አላየኝም ብሎ ነበር።

"በመስኮት አየሁት" አለች ትርሲት። "ለአባቴ፣ 'መጀመሪያ አስገቡት፣ ይታመማል' አልኳቸው። መልሴ እሱ ነበር።"

ወንድሜ በቀብሯ ዕለት ያላለቀሰውን ያን ቀን ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ዳንቴሉ አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።