የቦቄ ግልገልና ሹፌር የሌለው ባቡር

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ አራዊትም በአውሮፕላን በሚሄዱበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአያ አንበሶ አገር አንድ ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ማረፊያው ሁለት ተርሚናል ነበረው፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። በመካከላቸው ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ባቡር መንገደኛ እያመላለሰ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ ይውል ነበር። ሹፌሩም አያ ዝንጀሮ ነበር።

በምሥራቁ ተርሚናል አጠገብ እመት ቦቄ የምትባል ግንባረ ነጭ ፍየል ትኖር ነበር። ብዙ ወልዳ ብዙ ቀብራ የቀረላት አንድ ግልገል ነው። ሐዘኗን ቢያስረሳት ብላ ስሙን ማስረሻ አለችው። ጠዋት ጠዋት ወተቷን በቅል ይዛ፣ በባቡሩ ተሳፍራ፣ በምዕራቡ ተርሚናል ለመንገደኞች ትሸጥ ነበር።

አያ ዝንጀሮ ታዲያ የሚቸኩል ሹፌር አልነበረም። "እንዴት አደራችሁ? ልጆች ደኅና?" ሳይል አይነሳም። ጅብ የተሳፈረ እንደሆነም፣ "አያ ጅቦ፣ ና እኔ አጠገብ ተቀመጥ፤ እንጫወታለን" ብሎ ከጎኑ ያደርገዋል። ዓይኑንም ከእሱ ላይ አይነቅልም።

አንድ ቀን ባቡሩ ሊነሳ ሲል ኤሊ ከሩቅ ብቅ አለች። አያ ዝንጀሮ፣ "ቆይ፣ እሷም ትድረስ" አለ። እመት ቦቄ፣ "ኧረ ወተቴ!" አለች።

በሌላ ቀን ያረገዘች ላም መወጣጫው አቃታት። አያ ዝንጀሮ ወርዶ ደግፎ አሳፈራት። እመት ቦቄ፣ "ኧረ ወተቴ!" አለች።

በሦስተኛው ቀን ዶሮ ጫጩቷ ጠፋባት። አያ ዝንጀሮ ባቡሩን አቁሞ፣ በወንበሮቹ ሥር እየዳኸ ፈልጎ አገኘላት። እመት ቦቄ ምዕራብ ስትደርስ መንገደኞቹ በረው ሄደዋል፤ ወተቷም ጎምዝዟል።

ያን ጊዜ አራዊቱን ሰብስባ አያ አንበሶ ዘንድ ሄደች። "ጌታችን ሆይ፣ ባቡሩስ ደግ ነበር፤ ሹፌሩ ነው እንጂ ያስቸገረን!" አለች። ላሟ፣ "እውነቷን ነው" አለች። ዶሮዋም፣ "እውነቷን ነው" አለች። ኤሊም እንኳ፣ አንዴ ከተሳፈረች በኋላ እሷም ትቸኩል ነበርና፣ "እውነቷን ነው" አለች።

የንጉሡ አማካሪ ቀበሮ ብድግ አለ። "ጌታዬ፣ ሹፌር የማይፈልግ ባቡር አለ። አይበላም፣ አይተኛም፣ አያወራም። በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል።"

አራዊቱ እልል አሉ። አያ ዝንጀሮ ተሰናበተ። ኮፍያውን አውልቆ ሲወጣ፣ "እመት ቦቄ፣ አንቺ ያረፈድሽ ዕለትስ ማን ዞሮ ያይሻል?" አላት።

"እኔ አላረፍድም!" አለችው።

አዲሱ ባቡር መጣ። እውነትም አይዘገይም። የቦቄ ወተት ትኩሱን ይሸጥላት ጀመር። ኤሊ ደጋግማ በሩ ላይ ስትቀር ቦቄ በመስኮት አይታ፣ "ቀደም ብሎ መነሳት ነው!" ትላት ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ማለዳ ቦቄ፣ "ዛሬስ ባቡር አሳይሃለሁ" ብላ ማስረሻን አስከትላ ወጣች። ግልገሉ በደስታ እየዘለለ ቀድሟት ገባ። ቦቄ ቅሏን አስተካክላ እግሯን ስታነሳ በሩ ግጥም አለ። ልጅ ውስጥ፣ እናት ውጭ። ከልጁ በስተኋላ ደግሞ፣ ጥጉ ላይ፣ አያ ጅቦ ብቻውን ተቀምጧል። ና አጠገቤ የሚለው የለም።

"በር ሆይ፣ ልጄ! ልጄ ውስጥ ነው፣ ክፈትልኝ!"

በሩም፣ "እኔ በር ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም። ባቡሩን ለምኚ" አላት።

"ባቡር ሆይ፣ ጅብ ከልጄ ጋር አለ፣ ቁምልኝ!"

ባቡሩም፣ "ሂድ ሲሉኝ እሄዳለሁ፣ ቁም ሲሉኝ እቆማለሁ። ሰዓቱን ለምኚ" አላት።

"ሰዓት ሆይ፣ ጥቂት ታገሥልኝ!"

ሰዓቱም ከተርሚናሉ ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ "እኔ እቆጥራለሁ እንጂ አላይም። ቆጥሬም ጨርሻለሁ" አላት።

"ታዲያ ለማን አቤት ልበል?" ብላ ጮኸች።

"አቤት የሚባልለትማ ነበረ፤ አሰናበታችሁት" አላት ሰዓቱ።

ባቡሩ ተነሳ። ማስረሻ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ "እማ!" ሲል አፉ ብቻ ታያት፤ ድምፁን መስታወቱ ዋጠው። ቦቄ ቅሏን ጥላ ሜዳውን በሩጫ አቋረጠች። ሮጣ፣ ወድቃ፣ ተነሥታ ስትደርስ ባቡሩ ቀድሟት ቆሟል። በሩም በሰዓቱ ተከፈተ። አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ ወረደ።

"እመት ቦቄ፣ ባቡራችሁ እንዴት ፈጣን ነው! ሳላስበው ደረስኩ" አላት።

ባቡሩም በለስላሳ ድምፅ፣ "ደርሰናል። ንብረታችሁን እንዳትረሱ" አለ። ቦቄ ገብታ ብታይ፣ ከወንበሩ ሥር አንዲት ትንሽ ሰኮና ቀርታለች።

ሰኮናዋን ታቅፋ አያ አንበሶ ዘንድ ሄደች። በሩ ተጠየቀ፣ ባቡሩ ተጠየቀ፣ ሰዓቱ ተጠየቀ። ሁሉም፣ "የታዘዝኩትን ፈጸምኩ" አሉ። ጅቡ ሲጠየቅ፣ "እኔ ጅብ ነኝ፤ ይህንን የማያውቅ ማን አለ?" አለ። ንጉሡ ራሱን ነቀነቀና፣ "ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። የሚቀጣ ግን አላገኘሁም" ብሎ አሰናበታት።

አራዊቱ ለቅሶ ደረሱ። አለቀሱ፣ ደረት መቱ። ቦቄ ቀና ብላ፣ "ጥፋቱስ የኔ ነው። አሁን ግን ለልጆቻችሁ ስትሉ አብራችሁኝ ተነሡ፤ አያ ዝንጀሮን እናስመልሰው" አለቻቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ላሟ፣ "እኔማ በሄድኩ፣ ግን ባቡሩ ሊነሳ ነው። እግዜር ያጽናሽ" ብላ ወጣች። ዶሮዋም፣ "ባቡሩ ሊነሳ ነው፤ እግዜር ያጽናሽ" ብላ ጫጩቶቿን እያጣደፈች ወጣች። አንድ በአንድ ወጥተው አለቁ። ከቦቄ ጋር የቀረችው ኤሊ ብቻ ነበረች፤ እሷም የቀረችው ሮጣ ስለማትደርስ ነው።

ልጆች፣ ልመና የማይሰማ አገልጋይ ከክፉ ጌታ ይብሳል። ተረቴ ይኸው አለቀ፤ ምሬቱን ግን ተካፈሉኝ።