የደብሪቱ ጉርሻ

ዝም በሉና ስሙኝ። ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና በጀርባ ስትታዘል፣ በዋርካ ማርያም ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። ከአዋላጇ ከእማማ አጋረደች ሥር ሆና ማዋለድ ትማር ነበር። ትማር ነበር አልኩ እንጂ፣ አህያቸው ነበረች ብል ይቀላል! ውኃ ቅጂ፣ እሳት አንድጂ፣ የወላዷን እግር ያዢ፣ ዝም በዪ። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የሸማኔው ሚስት አማጠች። ደብሪቱ ደሙን ስታይ እንባዋ መጣ። እማማ አጋረደች በሰው ፊት ጮኹባት፦ «አዋላጅ አታለቅስም!» ልጁ በሰላም ተወለደ። መንደሩ እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፤ ገንፎውንም በላ። ደብሪቱ የደሙን ጨርቅ ይዛ ወንዝ ወረደች። በላሽ ወይ ያላት የለም።

ቀጥሎ የአንጥረኛው ሚስት አማጠች። ሕፃኑ ሞቶ ወጣ። የማንም ጥፋት አልነበረም፤ ግን ሰው መቼ ዝም ይላል! «ይቺ ልጅ እግረ ደረቅ ናት» አሉ። ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። እማማ አጋረደች ዞር ብለው እንኳ ሳያዩዋት «አዋላጅ አታለቅስም!» አሉ። እንባዋን ዋጠች፤ ምግብ ግን አልዋጥ አላት። እንቅልፏም ጠፋ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ ምጥ ቤት ብገባ እግሬ ይሰበር» ብላ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች።

ሦስተኛ፣ የእማማ አጋረደች የገዛ ልጃቸው ዘርትሁን አማጠች። ሕፃኑ በእግሩ መጣ። ያኔ እኚያ ብረት የሚባሉት ሴት የገዛ ልጃቸውን ማዋለድ አቃታቸው! ሮጠው ሄደው ደብሪቱ እግር ሥር ወደቁ። «ልጄን አትርፊልኝ» ብለው አለቀሱ። ደብሪቱ ተናደደች። ለካ አዋላጅ ታለቅሳለች! ግን ምጥ ኩርፊያ አያውቅም፤ እንደተናደደች ሄደች። እየፈራች፣ እማማ ሲያደርጉ ያየችውን እያደረገች ሕፃኑን አወጣች። እናትም ልጅም ተረፉ።

እልልታው ቀለጠ። ሁሉም ዘርትሁንን ከበበ። ደብሪቱ ጓሮ ብቻዋን ተቀምጣ እጇን ከደሙ ትታጠባለች። ዘርትሁን ግን ከአራስ መደቧ ላይ ጮኸች፦ «አብራኝ ያማጠችው ደብሪቱ የታለች?»

አምጥተው አጠገቧ አስቀመጧት። የመጀመሪያውን የገንፎ ጉርሻ አጎረሰቻትና «አንቺንም እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ደብሪቱ ገንፎው በአፏ እንዳለ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማ አጋረደች «አዋላጅ...» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ በዋርካ ማርያም የመጀመሪያው ጉርሻ የአዋላጅ ነው። «አንቺንም እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳትባል ገንፎ የሚነካ የለም።

አንተ አበጋዝ! ትናንት ልጅህን የተቀበለችው የጤና ጣቢያዋ ተለማማጅ ምን ቀመሰች? ምንስ አልካት? ኧረ ተነሣ! ገንፎው ሳይበርድ ሂድ!