ዓርብ የተቀጠረው ኑዛዜ

ቁም ነገሩን ዛሬ ነገ እያለ የሚያሳድር ሰው ሲያጋጥማቸው የወይራ አፋፍ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ተረት አለች። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከየት እንደመጣች ቢጠይቁት ግን አያውቅም። ተረት እንደ አረም ብድግ ብሎ አይበቅልም፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ይከፍልበታል፣ ከዚያ ሌላው በነጻ ይናገረዋል። ይህችን የከፈሉባት ባልና ሚስት ናቸው፤ አብልጣ የከፈለችው ሚስትየዋ ትርንጎ ናት።

ወይራ አፋፍ በጎንደር አገር የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ቀጥቃጭና ግንበኛ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሚያርሱት መሬት አብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ከመስጊዳቸው፣ የጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ እስከ ጠይም ውሃ ወንዝ ድረስ ያለው ቁልቁለት ግን ከራሳቸው ሰው እጅ ነበር። ባለቤቱ የትርንጎ ባል አያ ባለምላይ ነው። ያለ ወራጅ ውሃ ደግሞ የኦሪትን ሕግ መጠበቅ አይቻልም። አራስ ብትሆን፣ ሬሳ የነካ ቢሆን፣ ከሩቅ ገበያ የተመለሰ ቢሆን፣ ቀኑን ጠብቆ በወራጅ ውሃ ሳይታጠብ ከሰው አይቀላቀልም። ዓርብ ዓርብ መንደሩ በሙሉ በዚያ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ታጥቦ ነጭ ለብሶ ሰንበትን ይቀበላል። ቁልቁለቱ ከታጠረ መስጊዱም ወና ይሆናል፣ ሰዉም ውሃ ፍለጋ ይበተናል።

ባለምላይና ትርንጎ የወለዷቸው ሁሉ በሕፃንነታቸው ነው የሞቱባቸው። ስለዚህ ወራሹ የባለምላይ የወንድም ልጅ አቸነፍ ነው። አቸነፍ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነበር፤ ሲቆጣ ያየው የለም። ከወንዝ ማዶ ከሚኖር ከብት አርቢ ጋር ተነጋግሮ መሬቱ እጁ በገባ ማግስት ሊያስረክበው እንደተስማማ፣ ያም ሰው ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ ሰንጋ ሊያደልብበት እንዳሰበ በመንደሩ ያልሰማ አልነበረም። ባለምላይም ሰምቷል። መሬቱን ለመስጊዱ እንደሚናዘዝ ለትርንጎ ቃል ከገባላት ሦስት ዓመት አልፎታል። ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ጾም ነው ይላል፣ ሌላ ጊዜ አዝመራ ነው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የስግድ በዓል ደርሷል ይላል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ባለምላይ ሳል ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። ረቡዕ ጧት ትንፋሹ ሲያጥር ትርንጎ ደነገጠች። የመስጊዱን ቄስ ወንዴንና ሁለት ሽማግሌ ጠርታ አሁኑኑ እንዲናዘዝ ለመነችው።

«ረቡዕ ማን አለ?» አላት። «ቀጥቃጩ ሁሉ በየገበያው ተበትኗል። እኔ ባለምላይ የተድላ የልጅ ልጅ፣ እንደ ሌባ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ልናዘዝ? ዓርብ ሁሉም ይገባል። ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ደጄ ላይ ሲቆም እናገራለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ወግ ወዳድ ነበር። በሕይወቱ የሰጠው ትልቁ ስጦታ በትልቅ ጉባኤ ፊት እንዲሆን ነበር የፈለገው። ትርንጎም ያን ስለምታውቅ ብዙ አልጨቀጨቀችውም፤ ይህን ዝምታዋን በኋላ እስክትሞት ስትረግመው ኖራለች።

ዓርብ ቀጥቃጮቹ ወናፋቸውን ተሸክመው አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። ግን ከገበያ የመጣ ሰው ሳይታጠብ ከደጅ አይቆምም፤ ስለዚህ ሁሉም መጀመሪያ ወንዝ ወረዱ። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ወንዶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ነጭ ለብሰው ሽቅብ ሲመለሱ ጀምበር ለመጥለቅ ሁለት ክንድ ያህል ነበር የቀራት። ባለምላይን ከነአልጋው አውጥተው ደጅ ላይ አኖሩት። ሦስቱ ምስክሮች ከፊቱ ተቀመጡ፦ ቄስ ወንዴ፣ ግንበኛው መልኬ፣ ሦስተኛው የምድጃ እሳት ዓይኑን ያጠፋው ሽማግሌ ቀጥቃጭ አባ ይርዳው። አቸነፍ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከአጎቱ ራስጌ ተቀምጧል፤ ትራሱን ያቃናለታል።

የመንደሩ ልማድ እንዲህ ነው። ተናዛዡ መሬቱን ከየት እንዳገኘው ይናገራል፣ አዋሳኙን በአራት ማዕዘን ይጠራል፣ በመጨረሻ ለማን እንደሰጠ ይናገርና ምስክሮቹ «ሰምተናል» ይላሉ። «ሰምተናል» እስኪባል ድረስ ኑዛዜ የለም። ሰንበት ከገባች ደግሞ ስለ መሬትና ስለ ንብረት ቃል አይወጣም።

ባለምላይ ጀመረ። «ይህ መሬት የአያቴ የግንበኛው የተድላ ነው፤» አለና ወደ አዋሳኙ ሊሻገር ሲል አቸነፍ ጎንበስ አለ።

«አጎቴ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። አያታችን እንዴት እንዳገኙት ከሥሩ ይንገሩን እንጂ። የማያውቅም አለ።»

የባለምላይ ፊት ፈካ። ትርንጎ ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ቆማለች። ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሰምታዋለች፤ አንድ ደጃዝማች ያሠራው ድልድይ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደፈረሰ፣ ተድላ በሦስተኛው እንዴት እንዳቆመው፣ ኖራው በምን እንደተለወሰ፣ ደጃዝማቹ ከበቅሎ ወርዶ ምን እንዳለ። ባቄላ ተጥዶ እስኪበስል ያህል ይወስዳል። ዓይኗን ከምሥራቅ በኩል ካለው ተራራ ላይ ተከለች። ጥላው ከግርጌው ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ጫፉን የሸፈነ ጊዜ ሰንበት ትገባለች።

ሁለተኛው ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ አባ ይርዳው አቋረጠው። «ጀምበር የት ደረሰች?»

«ገና ናት፣» አለ አቸነፍ ፈጥኖ።

«የተራራው ግማሽ ጠቁሯል፣» አለች ትርንጎ። በወንዶች ጉባኤ መካከል መናገሯ ድፍረት መሆኑን ታውቃለች። «አያ፣ የድልድዩን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ለማን እንደምትሰጥ ተናገር።»

አቸነፍ ፈገግ አለ። «እቴ ትርንጎ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሰው ሲናዘዝ አያቻኩሉትም።»

ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ፤ ተረቱ እውነት ነውና ማን ይቃወመዋል? ባለምላይም ተቀይሞ እጁን አወዛወዘባት። ትርንጎ በዚያች ሰዓት አቸነፍን ጠላችው፤ ባሏንም ጥቂት ጠላችው።

ደጃዝማቹ ከበቅሎው ወረደ፣ ተድላን ሸለመው፣ ታሪኩ አለቀ። ባለምላይ አዋሳኝ መጥራት ጀመረ። በምሥራቅ ጠይም ውሃ ነው። በሰሜን ሾላው ነው። አቸነፍ በትሕትና ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድንበሩ ሾላው ነው ወይስ ከሾላው ወዲህ ያለው ድንጋይ፣ በኋላ ጠብ እንዳይነሣ ቢጣራ አይሻልም ወይ ሲል ጠየቀ። ግንበኛው መልኬ ቅን ሰው ነው፤ ግን ነገር ውል ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ድንጋዩ ነው አለ። ሌላው ሾላው ነው አለ። ሦስተኛው ሾላው ከመተከሉ በፊት የነበረውን አነሣ። ትርንጎ ከተራራው ጫፍ ላይ የቀረችውን ብርሃን ታያለች፤ አንዲት የመሶብ ክዳን ብታክል ነው። ቄስ ወንዴም አየ። «ባለምላይ፣ አሳጥረው፤ ለማን ነው የሰጠኸው?» አለ።

ባለምላይ አሁን ገባው። ደንግጦ ቀና ሊል ሲሞክር ሳሉ ተነሣበት። ውሃ አጠጡት፣ ጀርባውን ደገፉት። ትንፋሹ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቀ። «እንግዲህ ይህን መሬት…» ሲል ቄስ ወንዴ ዓይኑን ከተራራው ላይ አወረደና እጁን አነሣ። ጫፉ ጠቁሯል።

ትርንጎ ከቄሱ እግር ሥር ወደቀች። «አንዲት ቃል ናት የቀረችው፤ ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ቄስ ወንዴ ሊያነሣት ጎንበስ አለ። «አውቃለሁ እህቴ። ግን ሰንበትን አፍርሰን የምናቆመው መስጊድ ለማን ይሆነናል?»

ባለምላይ ሚስቱን ሊያጽናናት ነገ እንደመሸ፣ ሰንበት እንደወጣች፣ በአንድ ትንፋሽ እንደሚጨርሰው ነገራት። አቸነፍ አልጋውን አንድ ወገን ይዞ አጎቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቤት አስገባው፤ ሰው ሁሉ በደግነቱ መረቀው።

ቅዳሜ ጧት፣ ለሰንበት ሲባል እሳት በጠፋበት ቤት፣ ትርንጎ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። ሊናገር ሲሞክር ጉልበቱን ለማታ እንዲያስቀምጥ ለመነችው። አንድ ጊዜ ብቻ አልሰማትም። «የመስጊዱ ነው፤ አንቺ ንገሪያቸው፣» አላት። ለብቻዋ የሰማችው ቃል ምስክር እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር። እኩለ ቀን ላይ እጇን እንደያዘ አረፈ። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ነበረች፤ ለምሽት ገና ስድስት ሰዓት ቀርቷል።

በሰንበት አይቀበርምና ትርንጎ እስኪነጋ ከሬሳው አልተለየችም። አለቀሰች፣ ደግሞም አሰበች። ከአባቷ የወረሰችው አንድ የማሽላ እርሻ አላት፤ ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉን ተጠግቶ። በመካከሉ አልፎ ወደ ወንዙ የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ለአሮጊት ጉልበት ይፈትናል፤ ውሃው ግን ያው ወራጅ ውሃ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያ እርሻ በቀር የሚያበላት ነገር የላትም። እስክትሞት ትበላበታለች፣ ከዚያ በኋላስ ማን ይወስደዋል? እሷንም የሚወርሳት የሩቅ ዘመድ ነው። ይህን ከዚህ በፊት አስባው አታውቅም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የባሏን ኑዛዜ ስትጎተጉት የራሷ ትዝ አላላትም።

እሑድ ጧት ቀበሩት። ሬሳ የነኩት ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ስለሚቆዩ ከሰዉ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ትርንጎም ከእነሱ ጋር ናት። አቸነፍ ከልቡ እያለቀሰ ነበር፤ አጎቱን ይወደው እንደነበር ሐሰት አይደለም። የቀባሪዎቹ ዓይን በሰባተኛው ቀን ወደሚወርዱበት ቁልቁለት ሲያይ ነገሩ ገባውና፣ መሬቱ በእሱ እጅ እስካለ ድረስ ማንም እንደማይከለከል ተናገረ።

«ከእጅህ የሚወጣው መቼ ነው?» አለ አባ ይርዳው።

አቸነፍ ፊቱን ወደ መቃብሩ መለሰ። ሰዉም መሬት መሬት እያየ መበተን ጀመረ።

«አትሂዱ፣» አለች ትርንጎ ከቆመችበት። «ቄስ ወንዴ፣ አባ ይርዳው፣ አያ መልኬ፣ ምስክር ሁኑኝ።»

ቄስ ወንዴ ሬሳ ነክታ ሰባቱ ቀን ሳያልፍ መሆኑ ከብዶት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ።

«የረከሰው እጄ ነው፤ ቃሌ አልረከሰም፣» አለችው። ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች። «የማሽላው እርሻ የአባቴ ነው። በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ የመንደሩ መንገድ፣ በሰሜን ገደሉ፣ በደቡብ የመልኬ ጎመን ጓሮ። በመካከሉ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ከዛሬ ጀምሮ ለመንደሩ ሰጥቻለሁ። እርሻውን እስክሞት እበላበታለሁ፤ ስሞት የመስጊዱ ነው። እህሉ ልጆቹን ኦሪት ለሚያስተምረው ይሁን። ማንም አይሸጠው፣ ማንም አይለውጠው።»

ድልድይ አልነበረበትም፣ ደጃዝማች አልነበረበትም። ሰዉ ነገሩ የተጀመረ ሳይመስለው አለቀ። መልኬ ስለ ጎመን ጓሮው ድንበር አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሦስቱም ተራ በተራ «ሰምተናል» አሉ።

አቸነፍ እንባውን በነጠላው ጠረገና እንደ ልማዱ በለሰለሰ ድምፅ ጣልቃ ገባ። ይህ የሐዘን ሰዓት ነው አለ፤ በሐዘን ላይ ያለ ሰው ቃል በኋላ ሙግት ያመጣል፤ እቴ ትርንጎም ሰባቱን ቀን ጨርሳ፣ ከወንዝ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከገበያ የሚመጣውም ሁሉ ባለበት፣ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ደግማ ብትናገረው ለእሷም ክብር ነው፣ ለመስጊዱም ክብር ነው። ነገሩ እንደ ወትሮው መልካም ይመስላል። ከሽማግሌዎቹም ሁለት ሦስቱ ይሁን ለማለት ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረው ነበር።

ዕውሩ አባ ይርዳው በትሩን ከአዲሱ መቃብር አፈር ላይ ተክሎ፣ ድምፁ ወደሚመጣበት ፊቱን አዞረና፣ «ተው አቸነፍ፤ የዓርብን ኑዛዜ ጀምበር ትቀድመዋለች» አለው።