ጸጥ ያለው አምቡላንስ

አንድ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ ዘርይሁን ይባላል። ሥራውን የሚወድ፣ ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ጫጫታ። ሠራተኞች ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያወሩ ካየ "ወሬ በዛ!" ብሎ ያልፋል። ጸጥታ ያለበት ቦታ ሁሉ በደንብ የሚሠራ ይመስለዋል።

ጤና ጣቢያው የሚገኘው ቆላ ውስጥ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ደጋው ላይ ካለው ከተማ ነው። በመካከላቸው ሰዎች አርባ ጥምዝ የሚሉት ረጅም ዳገት አለ። ሕመምተኞችን በዚያ ዳገት የምታወጣው አንዲት አምቡላንስ ብቻ ናት። በናፍጣ የምትሠራ፣ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ያላት ጠንካራ መኪና ናት። ሹፌሯ አየነው ዳገቱን በሠላሳ አምስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን አየነው ወንዝ ሲሻገር የጭስ ማውጫዋን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ከድንጋይ ጋር ተጋጨና ተቀደደ። የጭስ ማውጫዋ የተቀደደ መኪና እንዴት እንደምትጮህ የሰማ ያውቀዋል። ግቢ በገባች ቁጥር የቢሮው መስኮት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ዘርይሁን አየነውን አስጠራው።

"መንደሩ ውስጥ ያለው ብረት በያጁ ጋ ውሰዳት" አለው። "ከእንግዲህ ድምፅ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።"

በያጁ በልኳ የሚሆን ማርሚታ አልነበረውም። የነበረው ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የተፈታ ቀጭን ቱቦ ነው። እሱን በየደላት። ትእዛዙ ድምፅ ማጥፋት ስለነበረም ሁለት ትንንሽ ማርሚታዎች አከታትሎ ገጠመበት። መኪናዋ ጸጥ አለች። ዘርይሁን በረንዳ ላይ ቆሞ ስትገባ አያትና "እንዲህ ነው እንጂ!" አለ።

አየነው ግን በመጀመሪያው ጉዞ ለውጡን አወቀው። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገቱን ስትይዝ ነዳጅ ቢረግጥም ቢረግጥም አትሄድለትም። ድሮ ተርቦው ሲነሳ ወንበሩ ድረስ የሚሰማው ግፊት የለም። የሙቀት መለኪያው እየቆየ ይወጣል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይከተላል። ከተማ ሲደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቶበት ነበር።

ተመልሶ ለኃላፊው ነገረው። "አቶ ዘርይሁን፣ መኪናዋ ያ ቱቦ ከተገጠመላት ጀምሮ ጉልበት የላትም። የታፈነች ነው የምትመስለው።"

"ማርሚታን ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው?" አለ ዘርይሁን። "ሞተሯ ላይ ችግር ይኖራል፤ እናሳያታለን።"

የአየር ማጣሪያዋ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። የናፍጣ ማጣሪያዋም ተቀየረ። ፓምፗ ተስተካክሎ ናፍጣ እንዲበዛላት ተደረገ፤ የበዛው ግን ጭሷ ነው። በመጨረሻም ዘርይሁን ብዙ ደብዳቤ ጽፎ፣ ብዙ ደጅ ጠንቶ አዲስ ተርቦ አስመጣላት። እሱም አልረዳም።

አየነው ለሁለተኛ ጊዜ ቢሮ ገባ። አፉን ገና ሲከፍት ዘርይሁን አቋረጠው። "አዲስ ተርቦ መጥቶልህም ታማርራለህ? አንተ ሹፌር ነህ፤ ሥራህ መንዳት ነው።"

አየነው ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪናዋ ለማንም አልተናገረም።

ወሩ ሳያልቅ ስንቅነሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ጠናባት። ጽንሱ በጎን መጥቶ ነበር። አዋላጇ ነርስ "ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ አሁኑኑ ትሂድ" አለች። አየነው ስንቅነሽን ከባሏና ከነርሷ ጋር ይዞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣ። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተች ዳገቱን እኩሌታ ካደረሰች በኋላ ሞተሯ ጋለና ቆመች። አየነው ኮፈኑን ከፈተ። እስኪበርድ ከመጠበቅ በቀር ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ባልየው "ወንድሜ፣ ምን ሆነች? ንገረኝ እንጂ!" ይለዋል። አየነው መልሱን ያውቀዋል፤ ግን አልወጣ አለው።

በአካባቢው የሚያርሱ ገበሬዎች የስንቅነሽን ጩኸት ሰምተው ደረሱ። በቃሬዛ አድርገው፣ እየተቀባበሉ ተሸክመዋት ወደ ሆስፒታሉ ወጡ። እሷ ተረፈች። ልጇን ግን ማትረፍ አልተቻለም።

በማግስቱ ዘርይሁን ከከተማ ጋሽ ቦጋለ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ አስመጣ። ጋሽ ቦጋለ ኮፈኑን አልከፈቱም። ሞተሩን አስነስተው አየነውን "እርገጥ" አሉትና ወደ ኋላ ሄደው መዳፋቸውን ከጭስ ማውጫው ፊት ዘረጉ። ከዚያ መሬት ላይ ተኝተው ከሥር አዩ። ሲነሡ ፊታቸው ተቀይሯል።

"ይህን ቱቦ ማን ነው የገጠመው?"

"በያጁ ነው፤ ድምፅ እንዲጠፋ" አለ ዘርይሁን።

"እሱማ ጠፍቷል። ማጣሪያውን ቀየራችሁ፣ ናፍጣውን ጨመራችሁ፣ ተርቦውን ቀየራችሁ። የሚገባላትን ሁሉ አሳምራችሁ ሞልታችኋል። የሚወጣው በየት ይውጣ?"

ዘርይሁን ጎንበስ ብሎ ቱቦውን አየ።

"የውሃ ወፍጮ አይተው ያውቃሉ?" አሉ ጋሽ ቦጋለ። "ተርቦም እንደዚያው ነው፤ የሚያዞረው ግን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ሲዞር ለሞተሩ አየር ያጭቅለታል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወፍጮውን ያዞረ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ከጠበበ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል፣ ወፍጮውም ይደክማል። ይህችም ዳገት ላይ ብዙ ጭስ ታወጣለች፤ መውጫዋ ግን የትንሽ መኪና ነው። ዳገቱን ገና ሳትወጣው በራሷ ትንፋሽ ትታፈናለች።"

"ታዲያ ቱቦውን በስተን ብንተወው?"

"እንደሱም አይሆንም። ከተርቦው በፊት ከተበሳ ጭሱ ሳይሠራ ያመልጣል። ከተርቦው በኋላም ቱቦው የመኪናዋ ጫፍ ሳይደርስ ተቆርጦ ከቀረ ጭሱ ሕመምተኛው ጋ ይገባል። ከተርቦው በፊት ቀዳዳ አይኑር፣ ከተርቦው በኋላ ማነቆ አይኑር። ልኩ ይኸው ነው።"

በሁለት ቀን ውስጥ በልኳ ሰፊ ቱቦና አንድ ደህና ማርሚታ ተገጠመላት። ለሙከራ ሲወጡ ዘርይሁን ከአየነው ጎን ተቀመጠ። መኪናዋ እያጉረመረመች ጥምዞቹን አንድ በአንድ ጨረሰች። ከጫፉ ሲደርሱ ዘርይሁን "ነግረኸኝ ነበር" አለ።

"ሁለት ጊዜ" አለ አየነው። ቀጥሎም "ሦስተኛም ልነግርዎ ይገባኝ ነበር" አለ።

ስንቅነሽ ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለቱም ወደ ቤቷ ሄዱ። ዘርይሁን ተቀምጦ ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራት። ትእዛዙ የእሱ እንደነበረ፣ ሹፌሩ ተናግሮ እሱ እንዳልሰማ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ባልየው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ስንቅነሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"አሁን ዳገቱን ትወጣለች?"

"ትወጣለች" አለ አየነው።

"እንግዲያው ሌላዋ ትድረስ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰኞ ጠዋት ዘርይሁን ሠራተኞቹን ሰበሰበ። "ልትነግሩኝ ፈልጋችሁ እኔ ያስቆምኳችሁ ነገር ካለ ዛሬ ንገሩኝ" አለ።  አዋላጇ ነርስ ጀመረች፤ ከእሷ በኋላ ሌላው ቀጠለ። ብዙው ለመስማት የሚከብድ ነበር። ምሳ ሰዓት አልፎ እንኳ አላለቀም፤ ዘርይሁንም አላቋረጣቸውም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ሲደክምብን የሚቀናን መጨመር ነው። ትእዛዝ እንጨምራለን፣ ምክር እንጨምራለን፣ አንዳንዴም ስጦታ እንጨምራለን። በውስጡ ያለው በየት እንደሚወጣ ግን አንጠይቅም። መውጫውን አጥብበንበት ስናበቃ ዝምታውን እንደ ጤንነት እንቆጥረዋለን። ሜዳ ላይ ችግሩ አይታይም፤ የሚታየው ዳገት ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። የሚናገርም ሰው አንድ ጊዜ አልተሰማሁም ብሎ ዝም ቢል ከጥፋቱ ነፃ አይሆንም።

እስቲ እናስብ፤ በቤታችን ወይም በሥራ ቦታችን በቅርቡ ዝም ያለ ሰው አለ? ዝም ያለው ደህና ስለሆነ ነው ወይስ እኛ ዝም ስላሰኘነው?