እስከ ወፍጮ ቤቱ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች፣ ውሃ የማትፈራ። ስፖርቷ ትራያትሎን ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይዋኛል፤ ከውሃው ወጥቶ ብስክሌት ይነዳል፤ ከብስክሌቱ ተወርዶ ይሮጣል። በመካከል ዕረፍት የለም።

ይህች ሴት፣ መስታወት እንበላት፣ ዋናው አያስቸግራትም። ብስክሌቱንም ትችለዋለች። ችግሯ ከብስክሌት ስትወርድ ነው። ከብስክሌት ወርዶ ሊሮጥ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ እግር የተዋሱት እንጂ የራስ አይመስልም። አምና በውድድሩ ላይ ጥቂት እንደሮጠች እግሯ ድንጋይ ሆነባት። አለቀልኝ ብላ፣ ሕዝብ እያያት መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ክለቡ አንድ ዓመት ታገሣት። ዘንድሮም ካቋረጠች ግን ማልያውን እንደምትመልስ በግልጽ ተነገራት።

ክረምቱ ገባ። አሰልጣኟ ኮች ደምሰው ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ አይመስልም። ሌላው መጠለያ ፍለጋ ሲሯሯጥ እሱ ፊሽካውን አንጠልጥሎ ይወጣል። በየማለዳው ብስክሌት ያስነዳታል፤ ከዚያ በቀጥታ ከከተማው ወጣ ባለው የጭቃ መንገድ ያስሮጣታል። ጭቃው ጫማዋ ላይ ይከመራል። ቆሜ ላራግፍ ስትለው፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሺ ታራግፊዋለሽ ይላታል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ቅርብ አይደለም። ድልድዩ ይታለፋል፣ ባሕር ዛፉ ይታለፋል፣ የወፍጮው ድምፅ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ እዚያ ስትደርስ እግሯ የራሷ ይሆናል። ሁልጊዜ። በዝናብም፣ በጉምም፣ አልቅሺ አልቅሺ ባላት ቀንም። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድንጋይ፤ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ እግር። እህል ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ስለለመዷት «ጭቃ አስፈጪዋ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር።

መስከረም ጠባ። ሰማዩ ጠራ፣ መንገዱ ደረቀ። ውድድሩ ሲቃረብ ኮች ደምሰው፣ ከእንግዲህ ዕረፍት ነው፣ ከባድ ልምምድ አትሠሪም አላት።

ክረምቱን ሙሉ የደከመ ሰው ምን ይጠብቃል? እንዲቀለው ይጠብቃል። እሷም ጭቃው የለ፣ ዝናቡ የለ፣ እንግዲህ እግሬ እንደ ገለባ ይቀላል ብላ ነበር። ማረጋገጥ አማራት። ለማንም ሳትነግር ብስክሌቷን ነዳች፣ ወረደች፣ በደረቁ መንገድ ሮጠች። እግሯ ድንጋይ ሆነ። ያው የአምናው ድንጋይ። ድልድዩ ላይ ቆመች። የክረምቱ ልፋት ሁሉ ከንቱ መስሎ ታያትና እየተጎተተች ተመለሰች።

በማግስቱ ማልያዋን አጣጥፋ ኮች ደምሰው ዘንድ ሄደች። የሆነውን ነገረችው፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ አለችው። እሱ የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት እየቀባ ነበር። ቀና አላለም።

«የት ጋ ቆምሽ?»

«ድልድዩ ላይ።»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳትደርሺ?»

«ከብዶኝ እኮ ነው፣ ኮች።»

«ታዲያ ምኑን ሞከርሽው?» አለና አሁን ቀና ብሎ አያት። «ክረምቱን ሙሉ ድልድዩ ላይ ቀሎሽ ያውቃል? እንዳይከብድሽ አይደለም ያሠለጠንኩሽ፣ የኔ ልጅ። እንደሚያልፍ እንድታውቂ ነው። በይ፣ ሂጂና ተኚ።»

ማልያውን አልተቀበላትም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ከሐይቁ ወጣች፣ ብስክሌቱን ነዳች፣ ወረደች። እግሯ ከበደ። አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ጫማዋ ንጹሕ ነው፣ ክብደቱ ግን ያው ነው። አምና የተቀመጠችበት ቦታ ደረሰች። ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው «ይቺ ዛሬም ልትቀመጥ ነው» ሲል ሰማችው። ልቧ ሊከዳት ምንም አልቀረውም።

ያን ጊዜ ለራሷ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ «ገና ድልድዩ ነው» አለች።

በዚያ ጎዳና ላይ ድልድይ የለም። ወፍጮም የለም። እሷ ግን የት እንዳለች አወቀች። እየከበዳት ሮጠች። እየከበዳት። እየከበዳት። ከመዞሪያው ወዲያ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ እግሯ የራሷ ሆነ።

አንደኛ ወጣች? አልወጣችም። ብዙዎች ቀድመዋት ገብተዋል። ግን ገባች። ማልያዋንም እንደለበሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የት ጋ ነው የቆማችሁት?

ክረምቱን በጸሎት ያሳለፋችሁ አላችሁ። መጠጥ ለመተው በየቀኑ የታገላችሁ አላችሁ። ከወንድማችሁ ጋር ለመታረቅ ልባችሁን ስታለሰልሱ የከረማችሁ አላችሁ። አሁን ሰማዩ ጠርቷል። ተነሥታችሁ ራሳችሁን ብትፈትሹ ግን ያው የድሮው ክብደት አለ። የመጠጥ ቤቱ በር ዛሬም ይጣራል። ወንድማችሁን ስታዩ ሆዳችሁ ዛሬም ይሻክራል። ታዲያ ምን አላችሁ? ጸሎቴ አልተሰማም አላችሁ? ልፋቴን ውሃ በላው አላችሁ?

እንደሚቀል ማን ነገራችሁ? ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ስለ ወፍጮ ቤቱ ምን ያውቃል?

እግዚአብሔር ክረምቱን በጭቃ ያስሮጣችሁ ክብደት እንዳይነካችሁ አይደለም። ሲመጣባችሁ እንድታውቁት፣ አውቃችሁም እንዳትደነግጡለት ነው። በዝናቡ ስንት ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ አሻግሯችኋል? በጭቃ ውስጥ ያልለቀቃችሁ እጅ በደረቅ መንገድ ይለቃችኋል?

ማልያችሁን አጣጥፋችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እዚህ የሚረከባችሁ የለም። መልሳችሁ ልበሱት። ነገም ሲከብዳችሁ አትቀመጡ። ገና ድልድዩ ነው በሉና እለፉት።