ግማሹን ብቻ የተናገረው ዙር ቆጣሪ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የመኪና ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው፣ ሰው ግን ያንን መስሚያ ጆሮ ባልነበረው ዘመን፣ በአንዲት አሮጌ መኪና ውስጥ ሞተርና ዙር ቆጣሪ አብረው ይኖሩ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ናቸው። ሞተሩ ይዞራል፤ ዙር ቆጣሪው ከመሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ በመርፌው ለሾፌሩ ያሳያል። በመሃላቸው ለሞተሩ እሳት የሚያቀብል ኮይል የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሞተሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ኮይል ሁለት ጊዜ ይጣራል፤ ቆጣሪው ሁለቱን ጥሪ አንድ ዙር ብሎ ይቆጥራል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲል ባለቤቱ ጋሽ ወልደሰንበት መኪናዋን ጋራዥ ወሰዷት። ኤሌክትሪሺያኑ ሸምሱ ኮይልን ነቅሎ፣ እሳቱንም ነዳጁንም የሚያዝ አዲስ ኮምፒዩተር ገጠመ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። የቆጣሪው መርፌ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ወንድሜ፣ የምትለው አይሰማኝም። ድምፅህን ከፍ አድርግልኝ» አለው ቆጣሪው።

«አልታዘዝኩም» አለው ኮምፒዩተሩ።

ኮምፒዩተሩ ሰው ያላዘዘውን አያደርግም ነበር፤ ደግነቱ ሸምሱ ነገሩ ገባው። ሽቦው ላይ ሬዚስተር የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ ቢጨምር የኮምፒዩተሩ ድምፅ ጎላ፤ መርፌውም ተነሳ። ጋሽ ወልደሰንበት ሸምሱን መርቀው ሄዱ።

ቆጣሪው ግን ጉዱን ያየው መንገድ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ በአንድ ዙር የሚጣራው አንዴ ብቻ ነበር። ሞተሩ ሁለት ሺህ ሲዞር መርፌው አንድ ሺህ ይላል።

«ወንድሜ፣ ሁለቴ ጥራ። ሰውየውን እየዋሸሁ ነው» ብሎ ለመነው።

«አልታዘዝኩም» አለው ኮምፒዩተሩ።

ነገሩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንዲት ቁጥር በመቀየር የሚያልቅ ነበር። ሸምሱ ግን መርፌው ሲንቀሳቀስ አይቶ በቃ ብሎ ክዳኑን ዘግቶታል። ቆጣሪው አፈረ። ዋሽቶ አያውቅም ነበር፤ መርፌውን ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ማንሳት አይችልም። ጭንቀቱን ለሞተሩ ቢነግረው፣ ሞተሩ አታስብ አለው፤ ጋሽ ወልደሰንበት ድምፄን ያውቁታል፣ ሳቃስት ይሰሙኛል ብሎ አጽናናው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጋሽ ወልደሰንበት ሚስት ወይዘሮ አስካለ ሆዳቸውን አመማቸውና መቀመጥ እንኳ አቃታቸው። ጋሽ ወልደሰንበት ከኋላ ወንበር አስተኝተዋቸው ወደ ከተማው ሆስፒታል ከነፉ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሰው ነዳጁን ረገጡት። ሞተሩ ስድስት ሺህ ገባ፤ ከዚያ በላይ አቅሙ አይደለም። ማቃሰት ጀመረ።

«ይሄ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ በደከመ ድምፅ።

ጋሽ ወልደሰንበት መርፌውን አዩ። «ገና ሦስት ሺህ ነው፤ አይዞሽ» አሉና ጨምረው ረገጡት።

ቆጣሪው ለሦስተኛ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ለመነ። «እባክህ ነዳጁን ቁረጥበት። ሊሞት ነው።»

«ስንት ሲደርስ እንደምቆርጥ አልታዘዝኩም» አለው ኮምፒዩተሩ።

ሞተሩ ወደ ቆጣሪው ዞሮ፣ «አንተ እያየኸኝ አይደል? ለምን አልነገርክልኝም?» አለው። ይህን ብሎ ሳይጨርስ የሞተሩ የውስጥ ብረት ተሰብሮ ጎኑን በስቶ ወጣ። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ መኪናዋም ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች።

ወይዘሮ አስካለን አንድ ሚኒባስ አንስቶ አደረሳቸው፤ እሳቸውስ ዳኑ። መኪናዋ ግን እየተጎተተች ጋራዥ ገባች። ሸምሱ ኮምፒዩተሩን ፈትሾ ሳይቀይራት የተዋትን ቁጥር አገኛት።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞተሩ የጮኸው እውነቱን ነበር» አላቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። «እኔም ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬን ትቼ መርፌ አመንኩ» አሉና እጃቸውን የቀዘቀዘው ሞተር ላይ አሳረፉ። ቆጣሪው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም አየ፤ ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረውን ጓደኛውን ይቅርታ ሊጠይቀው ቢሻ፣ የሚሰማው አልነበረም።

ልጆቼ፣ ከዚህ ተረት የምትይዙት ይህን ነው፦ እንደ ቆጣሪውና እንደ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሳይግባቡ ሲቀሩ፣ የሚሞተው እነሱን ያመነው ሦስተኛው ነው።