ሰው የሚያውቀው በር

አንድ ቀን አቶ ልንገረው ከደሴ መጣና «የወደፊቱን ቤት ሠርቼ አሳያችኋለሁ» አለን። እኛ የዛሬውንም ቤት በቅጡ ሠርተን አልጨረስንም፤ ቢሆንም አቶ ልንገረው ሲናገር ዝም ማለት ይሻላል። አባቱ ስሙን ሲያወጡለት የሚሆነውን አይተው ነበር መሰለኝ፣ ይኸው ከተወለደ ጀምሮ ሁሉን እየነገረን ነው። ዝናብ እየደበደበህ «ይሄ ዝናብ ይባላል» የሚልህ ሰው ነው።

ቤቱን በአባቱ መሬት ላይ፣ ከመንገዱ ከፍ አድርጎ አቆመው። ድንጋይ የለ፣ ማገር የለ፣ ጭቃ የለ። ግድግዳው ተቆርጦ፣ ተለክቶ በመኪና ተጭኖ መጣ።

«ይሄ ከምን ተሠራ?» አልነው።

«ከገለባና ከእንጉዳይ። ፋብሪካ ውስጥ አብሮ አድጎ፣ ተጨምቆ የደረቀ ነው።»

እንጉዳይ ማለት እንግዲህ እኛ የጅብ ጥላ የምንለው ነው። ሰውየው ከተማ ገብቶ፣ አገር ላገር ዞሮ፣ በመጨረሻ የጅብ ጥላ ቤት ይዞልን መጣ። የኔ ላም ሾልካ ሄዳ አንዱን ማዕዘን ቀመሰችው፤ ከዚያ ወዲህ የኔን ገለባ አልበላም ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ጣሪያው ፀሐይ እየጠጣ መብራት የሚሸና ነው። ቀለሙ ዝናብ ሲነካው ራሱን በራሱ ያጥባል፤ በዚህ እንኳ ከአንዳንዶቻችን ይሻላል። መስኮቱን ደግሞ «ተራራ ቢናድበት አይሰነጠቅም» አለን። ተራራ የሚንድ ሰው ስላጣን አመንነው።

የሁሉም ቁንጮ ግን በሩ ነበር። ቁልፍ የለው፣ እጀታ የለው። አናቱ ላይ የዶሮ ዓይን የምታህል ነገር አለችው፤ በዚያች ያይሃል። አቶ ልንገረው ፊቱን ከነጢሙ ያስጠጋለታል። ጢሙ ደረቱ ላይ የሚተኛ፣ ሁለት ወፍ ሳይጣሉ ጎጆ የሚሠሩበት ጢም ነው። በሩም በሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ልንገረው» ይልና ወለል ይላል። እኔ ብጠጋ ግን «አላውቅዎትም፤ እባክዎ ከበሩ ይራቁ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በአንቱታ የጠራኝ ያ በር ብቻ ነው፤ ቢያባርረኝም ደስ ብሎኛል።

ነገሩ የመጣው ከአያ እንድሪስ ጎጆ ነው። ይቺ ጎጆ ከአዲሱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ናት። ግድግዳዋ ጭቃና ጭድ፣ ክዳኗ ሣር፣ ከእርጅና ብዛት ወደ አንድ ጎን ያጋደለች ናት፤ መንገደኛ ሲያልፍ ሰላም የምትል ትመስላለች። አያ እንድሪስ አባቱ ሠርተው ሰጥተውት፣ ልጆቹን ሁሉ ድሮባት፣ አሁን ከሚስቱ ከእመት ዘሃራና ከአንዲት ጥጃ ጋር ይኖርባታል። ሌላ መጠጊያ የለውም።

አቶ ልንገረው ቀበሌ ሄዶ ስብሰባ አስጠራ።

«ቅዳሜ ከደሴ ቤት ገዢዎች ይመጣሉ» አለ። «ይሄን የመሰለ ቤት ሊያዩ መጥተው ይቺ የጭቃ ቁልል ብትገተርባቸው ምን ይላሉ? እዚያው እፊታቸው ትፍረስ። አሮጌው ሲወድቅ፣ አዲሱ ሲመረቅ ይዩ።»

«እኔስ?» አለ አያ እንድሪስ።

«አንተማ ልጆችህ ጋ ትገባለህ።»

«የትኛው ጋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እሰይ፣ እርስዎም የማያውቁት ነገር ተገኘ» አለ አያ እንድሪስ። አቶ ልንገረው ከተማ ገብቶ ከረባት ካሰረ ወዲህ አያ እንድሪስ በአንቱታ ነው የሚጠራው፤ አክብሮት ይሁን ሌላ እኔ አልፈርድም።

ሕዝቡ ሳቀ። አቶ ልንገረው ጢሙ ቆመ።

«ቀልዱን ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አያ እንድሪስ። ያንተ ጎጆ ኖሯት የኔ ቤት የሌለው ምን አለ? አንድ ነገር ጥራ። ከጠራህ ትቁም፤ ሊቀመንበሩ ምስክር ይሁን።»

«ቁንጫ» አልኩ እኔ ከኋላ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለኝ ሊቀመንበሩ አሊጋዝ።

አቶ ልንገረው ቀጠለ፤ «ጎጆህኮ ሰው እንኳ አትለይም። የኔ በር ሰው ያውቃል። ያንተ ደጅ ግን <ቤቶች> ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ሌባም ይበል፣ ለማኝም ይበል፣ <ይግቡ> ነው። ይሄ ቤት ይባላል?»

አያ እንድሪስ አሰበ፣ አሰበ። «አሁን አልመጣልኝም» አለ። «ሲመጣልኝ እነግርዎታለሁ።»

«እስከ ቅዳሜ ይምጣልህ» አለ ሊቀመንበሩ። ቅዳሜ ደግሞ መፍረሻዋ ነው። እመት ዘሃራ ያን ሰሞን አንዴ እንስራዋን ታወጣለች፣ አንዴ መልሳ ታስገባለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ገዢዎቹ ጫማቸው መስታወት የሚመስል፣ ኩበት ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። መጥረቢያና ዶማ የያዙ ጎረምሶች ጎጆዋ ደጅ ቆመዋል፤ ግማሾቹ እዚያች ጎጆ ውስጥ በልተው ያደጉ ናቸውና ቀና ብለው አያዩም። በመጨረሻ አንድ የማናውቀው ሰው በሙሉ ልብስ ከመኪና ወረደ።

«አገራችሁ ሰላምታ የለም እንዴ?» ሲለን ነው አቶ ልንገረው መሆኑን ያወቅነው። ለእንግዶቹ አምሮ ለመታየት ደሴ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ለካ ያ ሁሉ ጢም አገጭ አልነበረውም፤ ከከንፈሩ ቀጥሎ ከረባቱ ነው።

ሪባን ተቆረጠ። ገለባው ተነገረ፣ የጅብ ጥላው ተነገረ፣ ፀሐይ ጠጪው ጣሪያ ተነገረ። ሲነገር ሲነገር ሰማዩ ጠቆረ። «አሁን ደግሞ ዋናውን ላሳያችሁ» አለና በሩ ፊት ቆመ።

«አላውቅዎትም» አለ በሩ። «እባክዎ ከበሩ ይራቁ።»

አቶ ልንገረው ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ የባሰ አላወቀውም።

«ልንገረው ነኝ» አለው ቀስ ብሎ።

«አላውቅዎትም።»

«ልንገረው ነኝ እያልኩህ። የገዛሁህ።»

«እባክዎ ከበሩ ይራቁ።»

«በጢምህ ፈንታ የፍየል ጭራ ላምጣልህ?» አልኩት። ለመርዳት ነው፤ እሱ ግን ክፉኛ አየኝ። ስልኩን አወጣ፤ በሩ በስልክም ይከፈታል አሉ። የኛ አገር ኔትወርክ ግን ዳመና ሲያይ ከሰው ቀድሞ ቤቱ ይገባል።

ያኔ በረዶው ወረደ። እያንዳንዱ የበሬ ጭንቅላት ያህላል፤ ይሁን፣ የጥጃ። ሊቀመንበሩ «መስኮቱን እንስበር» ብሎ ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ ነጥሮ ተመልሶ ቅልጥሙን አለው።

«አላልኳችሁም? አይሰበርም» አለ አቶ ልንገረው፣ በረዶ ራሱን እየቀጠቀጠው፣ ኩራት በኩራት ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደ ሮጠ አልናገርም፤ ከኛ ሁሉ ፊት ጎጆዋ ደጅ ደርሶ «ቤቶች» ያለው ሰው ግን አገጭ አልነበረውም።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለ አያ እንድሪስ ከውስጥ። ማነው ብሎም አልጠየቀ።

ገባን። ገዢዎቹ ገቡ፣ ሊቀመንበሩ ቅልጥሙን ይዞ ገባ፣ ጎረምሶቹ ከነመጥረቢያቸው ገቡ። ያቺ ጎጆ ያን ቀን አገሩን ሁሉ ጨርሳ ዋጠች፤ ትንሽ ብትቆይ ደሴም ትገባ ነበር። እመት ዘሃራ እሳቱን አነደደች፣ ንፍሮ አቀረበች። አያ እንድሪስ ጋቢውን አውልቆ አቶ ልንገረው ላይ ጣለለት። ጥጃዋ የአንዱን ገዢ ከረባት ትልስ ጀመር።

ገዢው ከረባቱን እየጎተተ፣ «እና አቶ ልንገረው፣ ቤቱ ባለቤቱንም አያስገባም ማለት ነው?» አለ።

«በሩ ምንም አልተሳሳተም» አለ አቶ ልንገረው ከጋቢው ውስጥ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ሥራውን ነው የሠራው። ያላወቀውን አያስገባም። እንደ አያ እንድሪስ ጎጆ መንገደኛውን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም። እኔ አሁንም ያልኩትን አልኩ።»

ሊቀመንበሩ ዞር አለ። «እንግዲህ አያ እንድሪስ፣ ቃል ቃል ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጎረምሶቹም ከነመሣሪያቸው ይኸው ተቀምጠዋል። ያ ነገር መጣልህ ወይስ አልመጣልህም?»

ንፍሮ የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን ተወ። እመት ዘሃራ እንስራዋን አቀፈች።

«መጣልኝ» አለ አያ እንድሪስ። «የእርስዎ በር ሰው አውቃለሁ ብሎ ባለቤቱን ሜዳ ጣለ። የኔ ጎጆ ሰው አታውቅም፤ ይሄን እርስዎም ብለዋል፣ ልክ ነዎት። እንግዲህ አለማወቋን ያመስግኑ፣ ጌታው። ዛሬ ሊያፈርሳት የመጣው ማን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ፣ እሷም <እባክዎ ከበሩ ይራቁ> ትልዎት ነበር።»

ሊቀመንበሩም መሰከረ፤ ጎጆዋ አልፈረሰችም። አቶ ልንገረውም በሩ እንዲያውቀው ጢሙ እስኪያድግለት እዚያው ከጥጃዋ ጎን ከረመ፤ እሷ ግን ፊቱን እየላሰች ማደጉን አዘገየችበት።